ከነሰው የተሸጠ ቤት

ጠበቃውን ሰፈርተኛው «ቆጣሪ አንባቢው» ይለዋል። ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም። ሌሎቹ ጠበቆች ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲመጣላቸው የባለቤትነት ማስረጃውን ያገላብጣሉ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መዝገብ ቤት ሄደው ያጣራሉ፣ ውል አርቅቀው ያስፈርማሉ፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛውንም ቤቱንም ይረሱታል። እሱ ግን ይህን ሁሉ ጨርሶም ልቡ አያርፍም። ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ የሚሸጠው ቤት ድረስ ይሄዳል፣ አንኳኩቶ ይገባል፣ ክፍል ለክፍል እየዞረ በየበሩ ላይ ቆሞ «እዚህ ማን ነው የሚያድረው?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ሲዞር ያየው አንድ ቀልደኛ የመብራት ሠራተኛ መስሎት «ቆጣሪው እኮ ውጭ ነው ያለው ጌታዬ» አለው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተጣብቆበት ቀረ።

እሱ አይከፋውም። ለሚስቁበት ባልደረቦቹም፣ ወረቀት የማን ስም እንደተጻፈበት እንጂ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚተኛ አይናገርም እያለ ይመልስላቸዋል። ልማዱ ከልጅነቱ የመጣ ነው። እናቱ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነበር ያሳደገችው። ሁለቱ ተከራይተው የሚኖሩባት የጓሮ ክፍል ከዋናው ቤት ጋር አብራ ስትሸጥ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፍራሻቸው ደጅ ወጥቶ፣ እናቱም ድስቷን ታቅፋ ቆማ አገኛት። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም አልገፋትም፤ እንዳለች ያስታወሰ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው። ልጁ ያን ቀን የቋጠረውን ቂም ጠበቃ ሲሆን ሥራ አደረገው።

በዚህ ልማዱ ብዙ ጉድ አውጥቷል። ሞቱ የተባሉ አያት ከጓዳ አልጋ ላይ ተቀምጠው ሰላም ብለውታል። ተፋታች የተባለች ሚስት ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ አግኝቷታል። እነዚህን ታሪኮች ደግሞ ሳይጠየቅ ያወራቸዋል። ትንሽም ያበዛዋል መሰለኝ፣ ገና «አንድ ቀን አንድ ቤት ሄጄ» ሲል ሚስቱ ተነስታ ሳህን ማንሳት ትጀምራለች።

እንግዲህ ይህ በዓይኑ የሚተማመን ሰው ነው አንድ ቀን ዓይኑ እያየ የታወረው።

ገዢዎቹ የአውቶቡስ ሹፌርና አዋላጅ ሚስቱ ነበሩ። ከተጋቡ ጀምሮ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲንከራተቱ ኖረው አሁን ልጅ ሊመጣባቸው ነው። አዋላጇ ሆዷ ገፍቷል፤ ስንቱን የሰው ልጅ ተቀብላ ለራሷ ልጅ ግን የምታስተኛበት ጥግ እንደሌላት ስትናገር ትስቃለች፣ ዓይኗ ግን አይስቅም። ያላቸውን ሁሉ ለዚህ ቤት አውጥተዋል። ጠበቃውን የመረጡትም ስለዚያው ልማዱ ሰምተው ነው። «እርስዎ ካዩት እኛ አንፈራም» አለው ሹፌሩ፤ እሱም ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ላይ ትንሽ ቀና አለ።

ሻጩ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁ ከጉሮሮው የማያልፍ ሰው። ለሁለታቸውም የምትናገረው ሚስቱ ናት። ቤቱን ሸጠው ወደ ከተማው ማዶ፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚቀርብ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ቤት ሊገቡ ነው። የባለቤትነት ማስረጃው በሻጩ ስም ብቻ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ዕዳ የለ፣ እገዳ የለ። ጠበቃው ይህን አጣርቶ ሲያበቃ እንደ ልማዱ ቤቱን ሊያይ ሄደ። ገዢዎቹ ሥራ ላይ ስለነበሩ ብቻውን ነበር።

የሻጩ ሚስት በር ላይ ተቀበለችው። ሳሎን ገብቶ ጠየቀ፣ የባልና ሚስቱን መኝታ ቤት አየ፣ የልጆቹ ክፍል በር ላይ ቆሞ ጠየቀ፤ ሁሉም ደህና። ከዚያ ሻጩ ወደተቀመጠበት ጓሮ ወጡ። ጓሮው ጠባብ ነው፤ የልብስ ገመድ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በሯ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አንዲት ክፍል። አንዲት ሴት ሽርጥ አሸርጣ አንሶላ ትጨምቃለች። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ፀጉሯን በሻሽ የቋጠረች። ጠበቃው የድንበሩን ግንብ ቀረብ ብሎ ማየት ፈለገና «የኔ እናት፣ እስቲ ይቺን ባልዲ ፈቀቅ አድርጊልኝ» አላት። ፈቀቅ አደረገችለት። ከዚያ እጇን በሽርጧ አደራረቀችና ቆመች፤ ወደ እሱ እያየች።

እሱ ግን በብዕሩ ወደ ሰማያዊው በር እያመለከተ ለባልና ሚስቱ «ሠራተኛችሁ እዚህ ነው የምታድረው?» አለ።

ሻጩ አፉን ከፈተ። ሚስቱ ቀደመችው፤ ግን እሷም ለወትሮው ከምትፈጥነው ትንሽ ዘገየች። «አዎ» አለች፣ «እዚህ ነው የምታድረው።»

ጠበቃው ራሱን ነቀነቀና ወደ ግንቡ ዞረ። ሴትየዋ ትንሽ ቆይታ ወደ ቤት ገባችና ወንበር ይዛለት ወጣች። ሻጩ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ከእጇ ተቀበላትና ራሱ አስቀመጠው። ጠበቃውን ይህ ነገር ደስ አሰኘው። ሠራተኛቸውን የሚያከብሩ ሰዎች በዚህ ዘመን ብርቅ ናቸው ብሎ ጮክ ብሎ አመሰገናቸው። ሻጩ አቀረቀረ። ጠበቃው ትሕትና ነው አለ በልቡ። አይ ሰው!

ውሉ ተፈረመ፣ ተመዘገበ፣ ስሙ ወደ ገዢዎቹ ዞረ። አዋላጇ መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠበቃውን ሁለት ጉንጩን አገላብጣ ሳመችው።

ቁልፉ በሚሰጥበት ሳምንት ጠበቃው የሱሪውን ጫፍ ሊያሳጥር ከዚያው ቤት ፊት ለፊት ወዳለው ልብስ ሰፊ ጎራ አለ። ልብስ ሰፊው በዚያ መንገድ ላይ መኪናውን ሲረግጥ ያረጀ ሰው ነው፤ በመስኮቱ ያላየው ነገር የለም። ሱሪውን በመርፌ ቁልፍ እየያዘ፣ እነ እገሌ ዕቃቸውን ጭነው መሄዳቸውን፣ ቤቱ መልካም ሰው እጅ እንደገባ መስማቱን አወራ። ከዚያ አንዱን መርፌ ቁልፍ ከአፉ አውጥቶ «ታላቂቱስ ድርሻዋን ወሰደች?» አለ።

«ታላቂቱ ማን ናት?»

«እህትየው ናታ። ጓሮ ያለችው። ቤቱ እኮ የአባታቸው ነው።»

ጠበቃው አንድ እግሩ ባጠረ፣ አንድ እግሩ ባልተነካ ሱሪ መንገዱን ተሻገረ። ልብስ ሰፊው ከኋላው ሲጣራ አልሰማውም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሳሎኑ ባዶ ነው፤ ሶፋው የነበረበት ቦታ ላይ የወለሉ ቀለም የተለየ ሆኖ ቀርቷል። ሴትየዋ የልጆቹን ክፍል ትጠርጋለች። ሲያያት ስንት ሰው ፊት የተናገረ አንደበት እንደ ሕፃን ተንተባተበና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም፣ እርስዎ የቤቱ ልጅ እንደሆኑ አላወቅሁም አላት።

«ተቀመጡ እንዳልልዎ ወንበር የለም» አለች መጥረጊያውን ግድግዳ እያስደገፈች።

ወደ ጓሮ ወሰደችው፤ የቀረ መቀመጫ ያለው በእሷ ክፍል ብቻ ነበር። አልጋዋ ተነጥፏል፣ ልብሷ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ክፍል አይመስልም። እናታቸው ስትሞት ወንድሟ ገና ዳዴ የሚል ነበር፤ እሷ ትምህርቷን አቋርጣ በጀርባዋ አሳደገችው። አባታቸው ሲሞት ቤቱ በእሱ ስም እንዲዞር ያለችው ራሷ ናት፤ የእኔና የእሱ ምን መለያ አለው ብላ። ወንድሟ አግብቶ ልጆች ሲመጡ ክፍሏን ለቀቀችላቸውና ወደ ጓሮ ወጣች። ያስወጣት የለም፤ ቦታ ሲጠብ ራሷን ያጠበበች ሰው ናት። ይህን ስትነግረው በማንም ላይ አልመረረችም። ምሬት ቢኖርባት ለእሱ በቀለለው ነበር።

ጠበቃው የሚያውቀውን ሁሉ አንድ ላይ አፈሰሰው። ወራሽ ነዎት፣ ስም መዞሩ ብቻ መብትዎን አያጠፋውም፣ መንገድ አለ፣ እኔ ራሴ ያለ ክፍያ አቤቱታውን እጽፋለሁ፣ ሌላ ጠበቃም እፈልግልዎታለሁ፣ ፍርድ ቤቱ ሽያጩን ያፈርሰዋል፤ እያለ ደረደረላት። እሷ እስኪጨርስ ታገሠችው።

«ወንድሜስ ይከሰሳል?»

ሊዋሽ ፈለገ፤ አልቻለም። «ሊከሰስ ይችላል» አላት።

«እንግዲያው ይቅር። በጀርባዬ ያሳደግሁትን ልጅ ዳኛ ፊት አላቆመውም።»

«ምናለ ያን ቀን አንዲት ቃል ቢተነፍሱልኝ ኖሮ?» አለ ጠበቃው፤ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ነበር የቆጨው።

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችው። «ያን ቀን ሲጠይቁ ሰምቼዎታለሁ» አለች። «ሳሎን ጠየቁ፣ ልጆቹ ክፍል ጠየቁ። ወደ ጓሮ ሲወጡ፣ ተራዬ ደረሰ ብዬ እጄን አደራርቄ ጠበቅሁ። እኔ ወንድሜን አሳጥቼ በራሴ አልናገርም። ከተጠየቅሁ ግን አልዋሽም ነበር። እርስዎ ባልዲውን ፈቀቅ አድርጊ አሉኝና ጥያቄውን ለእነሱ ጠየቁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር። መሬት ደግሞ በተፈለገች ሰዓት አትከፈትም።

የት ሊሄዱ ነው ብሎ ሲጠይቃት የትም እንደማትሄድ ነገረችው። የወንድሟ ሚስት ከእሱ በኋላ ቤቱን ለገዢዎቹ ስታስጎበኝ፣ ሠራተኛችን ታማኝ ናት፣ እኛ የምንገባበት ቤት ጠባብ ስለሆነ ልንወስዳት አልቻልንም፣ ከፈለጋችሁ ትቆይላችሁ ብላቸው ነበር። አዋላጇ ለሚመጣው ሕፃን ሰው ትፈልግ ስለነበር በደስታ ተቀበለች። ክፍሏ ውስጥ እዚያው ትኖራለች፤ ደሞዝም ያስቡላታል። ወንድሟ መጀመሪያ ላይ ተቆጥቶ ነበር አለች፤ ሚስቱ ግን «ጠበቃው ራሱ አይቶ ሠራተኛ ብሏት የለ፣ እኛ ምን ጨመርን?» ስትለው ዝም አለ።

ይህን ያለችው ልትወጋው ብላ አይደለም፤ ሲጠይቃት መለሰችለት እንጂ። እሱን ግን ከስድብ ሁሉ የባሰው ይህ ነው። እነዚያ ባልና ሚስት ምን እንደሚሉ ሳያውቁ ነበር የቆሙት፤ ውሸቱን አዘጋጅቶ፣ አላምጦ ያጎረሳቸው እሱ ነው።

ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ለመነችው። ለገዢዎቹ እንዳይነግራቸው። ቢያውቁ ወይ ይጣላሉ ወይ ወንድሟን ይከሳሉ፣ ያም ባይሆን የቤቱን ልጅ ወለል አስጠርገው መተኛት አይችሉም፤ ያን ጊዜ እሷ መጠጊያ የላትም። «አንቱታውንም እነሱ ፊት ይተዉልኝ» አለችው፣ «ይጠረጥራሉ።» ቃል ገባላት። ምን ያድርግ?

ቃል መግባቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ደንበኞቹ ሹፌሩና አዋላጇ ናቸው። የገዙት ቤት ወራሽ ያለበት ቤት መሆኑን ሊነግራቸው ሙያው ያስገድደዋል። ስልኩን አንስቶ ያስቀምጣል፣ አንስቶ ያስቀምጣል። ባለመብቷ ካልጠየቀች ምን አደጋ አለ ብሎ ራሱን ሊያታልል ይሞክራል። ጠበቃ ሌላውን ሊያሳምን ይችል ይሆናል፤ ይህን ክርክር ግን ራሱ ሰምቶ ራሱ ውድቅ አደረገው። ከእሷ ጋር የገባውን ቃል ቢያፈርስ ቤቷን ሁለተኛ ያሳጣታል፤ ቢጠብቅ ደግሞ በእሱ ዓይን ተማምነው የገዙትን ሰዎች ያታልላል። ሕሊናውን የሚያሳርፍበት ጥግ አልነበረውም።

አንድ ቀን ንዴቱ ሲብስበት ሻጩን ልክ ላስገባው ብሎ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደ። ሻጩ በተሰባበሩ ወንበሮች መካከል ተቀምጦ ነበር። ጠበቃውን ሲያይ ለምን እንደመጣ ገባው። ጠበቃው ያዘጋጀውን ሁሉ ተናገረ፤ አንጀት የሌለህ፣ ጡት ባታጠባህም በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችህን እህት እንዴት ትሸጣለህ አለው። ሰውየው አልተከራከረም። እሁድ እሁድ ሊጠይቃት እንደሚሄድና በር ላይ ቆሞ ተመልሶ እንደሚመጣ ተናገረ። ምን ብዬ ልግባ፣ የቀድሞ አሠሪዋ ነኝ ብዬ? አለ። ከዚያ ድምፁ ጭራሽ ጠፍቶ፣ «ያን ቀን እኮ አፌን ከፍቼ ነበር» አለ። «እህቴ ናት ልል ነበር። እርስዎ ሠራተኛ ሲሉ ዘጋሁት።»

ጠበቃው የመጣበትን ንዴት ይዞ ተመለሰ፤ የሚያራግፍበት ሰው ግን አላገኘም። መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣበትና እግሩን ያዘው። እስካሁን የሚያቃጥለው እህቲቱን ሠራተኛ ማለቱ ነበር። ሠራተኛ ብትሆንስ ኖሮ? ሠራተኛ አታድርም? ቤቱ ሲሸጥ አልጋዋን የት እንደምትዘረጋ ልትጠየቅ አይገባትም ነበር? ስንት ቤት ዞሮ፣ ስንት ጓሮ አይቶ፣ ሽርጥ ያሸረጠች ሴት ባየ ቁጥር «ሠራተኛችሁ ናት?» ብሎ ለሌላ ሰው ጠይቆ አልፏል። የስንቷ ፍራሽ ደጅ እንደወጣ አያውቅም። የልብስ አጣቢ ልጅ ሆኖ!

ከዚያ ወዲህ ቤት ሲያይ የሚጀምረው ከጓሮ ነው። ልብስ የምታጥብ፣ ከሰል የምታያይዝ፣ በር የምትከፍት ካለች መጀመሪያ እሷን ሰላም ይላል፣ ራሷን ይጠይቃል። ባልደረቦቹ ቆጣሪ አንባቢው ደግሞ ምን አዲስ አመል አመጣ እያሉ ይስቁበታል። ሚስቱ አንድ ነገር አስተውላለች፤ የቤት ወሬውን ማውራት ትቷል። ምን ሆንክ ብትለው ደክሞኝ ነው ይላል። ሳህኖቹን አሁን ተረጋግታ ታነሳለች፤ ያ የሚያሰለቻት ወሬ እንደናፈቃት ግን ለእሱ አልነገረችውም።

አዋላጇ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ። ጠበቃው ሰበብ እየፈጠረ ቆየ፤ ሥራ በዛ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ጉልበቴን አመመኝ። በመጨረሻ ሹፌሩ ራሱ ቢሮው ድረስ መጥቶ፣ የልጄን ዓይን ሳያዩ እንዴት ይቀራሉ ብሎ ይዞት ሄደ።

በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ሕፃኑን አዝላለች። «ደህና ዋሉ» አለችው፣ እንደማታውቀው ሰው። «ደህና ዋልሽ» አላት፤ እንደለመነችው አንቱታውን ትቶ። ሳሎኑ አምሯል፤ ግድግዳው ተቀብቷል፣ መጋረጃው አዲስ ነው። ሻይ አምጥታ አቀረበችለትና ሕፃኑን እያባበለች መስኮቱ አጠገብ ቆመች። እዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያው አድርጋ ሌላ ሕፃን አዝላ ኖራለች፤ እዚያ ከነበሩት ይህን ከእሷና ከጠበቃው ሌላ የሚያውቅ የለም። ጠበቃው የሻዩን ስኳር ከሚገባው በላይ አማሰለ።

ሹፌሩ ጣሪያው እንደማያፈስ፣ ጎረቤቱ ደግ እንደሆነ ዘረዘረ። ቤት ብቻ አይደለም፣ ሰውም አገኘንበት፣ ሁሉም በእርስዎ ነው አለው። አዋላጇ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ያለው ድምፅ ግን መስኮቱ ድረስ ይሰማል።

«እሷን እግዜር ነው የሰጠን» አለች። «ገና ሳልነግራት የትኛው በር እንደሚያስቸግር፣ የትኛው መስኮት ነፋስ እንደሚያስገባ ታውቃለች። አትክልቱን እንኳ ሳላዛት ነው የምታጠጣው። ምን ልበልዎት፣ ቤቱን እንደ ራሷ ቤት ነው የምትይዘው።»

ባልና ሚስቱ መልሱን እየጠበቁ ፈገግ ብለው አዩት። ሴትየዋ ዘወር አላለችም፤ የሕፃኑን መቀመጫ መታ መታ ማድረጓን ቀጠለች። ጠበቃው ሻዩን አስቀመጠ።

«አዎ» አለ። «ያስታውቃል።»